ጥለት በክብ አርማ ዙሪያ፦ ማጉበጥ ወይስ መደርደር?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የግራፊክስ ሥራ እሠራለሁ። ለአንድ የሰፈር ዕድር ክብ አርማ እያዘጋጀሁ ነው። ዙሪያውን የሐበሻ ቀሚስ ጥለት፣ ከጥለቱ ውስጥ ደግሞ የዕድሩን ስም ማዞር ፈለግሁ። ጥለቱን ኢሉስትሬተር በሚባለው የንድፍ ፕሮግራም ላይ ቀጥ አድርጌ ሠራሁት፤ ቆንጆ ነበር። ከዚያ ኢፌክት ውስጥ ገብቼ ዋርፕ የሚለውን ማጉበጫ ከፈትኩና አርክ አልኩት። መቶ ፐርሰንት ብሰጠውም ግማሽ ክብ ብቻ ነው የሚሆነው። ሁለት ግማሽ ሠርቼ ሳገናኛቸው መጋጠሚያው ላይ አልማዞቹ አይገጥሙም። የእያንዳንዱ አልማዝ የውጪ ጎን ሰፍቶ የውስጡ ጠቧል። ፊደሎቹም ተጣመሙ። ስቲከር ቆራጩ ጋ ስወስደው ደግሞ ‹ፋይሉ ነጥብ በነጥብ ነው፤ ቢላው እየቆመ እየተነሳ ነው የሚቆርጠው› አለኝ። ቬክተር ጥራቱ አይበላሽም ይባል የለ? ችግሩ የፕሮግራሙ ነው? ወደ ኢንክስኬፕ ወይም ወደ ኮረልድሮው ብቀይር ይስተካከላል?»

አይስተካከልም። ችግሩ የፕሮግራሙ አይደለም። ኢንክስኬፕም ሆነ ኮረልድሮው ቀጥ ያለ ጥለት ወደ ክብ ሲያጎብጡ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። በ2022 የወጣው አፊኒቲ ዲዛይነር ሁለትም ዋርፕ ጨምሯል፤ እሱም ከዚህ አያመልጥም። ያዩት ነገር የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው። መቀየር ያለበት የመረጡት መሣሪያ ነው። ዋርፕ ለጥለቱም አይሆንም፣ ለፊደሉም አይሆንም። ሁለቱም የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

መጀመሪያ «ቬክተር አይበላሽም» የሚለውን እናጥራ። ይህ አባባል የሚሠራው በዋናነት ስለ መጠን ሲነገር ነው። አንድን አርማ ከቢዝነስ ካርድ ወደ ቢልቦርድ ቢያሳድጉት ጠርዙ አይሻክርም። እንደ ፎቶ ፒክስሉ አይወጣም። ማሳደግ፣ ማሳነስ፣ ማዞር፣ ማንቀሳቀስና ወደ ጎን ማዘንበል ቅርጹን በትክክል ያስተላልፉታል። ማጉበጥ ግን ከእነዚህ ጋር አይመደብም።

ምክንያቱ የመስመሩ አሠራር ነው። ቬክተር ፋይል ውስጥ መስመሩ ራሱ አልተቀመጠም። የተቀመጡት ነጥቦች ናቸው። አንድ ቁራጭ ኩርባ አራት ነጥብ አለው፤ ሁለቱ ጫፎቹ ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ እርስዎ በመዳፊት የሚጎትቷቸው እጀታዎች። ይህ አሠራር ከመኪና ፋብሪካ የመጣ ነው። በ1959 ፖል ደ ካስተልዦ ሲትሮየን ውስጥ ደረሰበት፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ፒየር ቤዚየር ሬኖ ውስጥ ሠርቶበት በስሙ ታወቀ። ሁለቱም የመኪና አካል ኩርባ በቁጥር ለመጻፍ ነበር ትግላቸው። ዛሬ ኢሉስትሬተርም ኢንክስኬፕም የሚሠሩት በዚሁ ነው።

አንድን ቅርጽ ሲያሳድጉ ወይም ሲያዞሩ ፕሮግራሙ አራቱን ነጥቦች ብቻ ያንቀሳቅሳል። ኩርባው በራሱ ይከተላል፤ ውጤቱም ልክ ነው። ሲያጎብጡት ግን አራቱን ማንቀሳቀስ አይበቃም። የጎበጠው መስመር አብዛኛውን ጊዜ በአራት ነጥብ በትክክል የማይጻፍ ቅርጽ ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይገምታል። መስመሩን ይቆራርጥና ግምቱ እስኪቀርብ ድረስ ነጥብ ይጨምራል።

ግምት መሆኑ በራሱ ክፉ አይደለም። ኢሉስትሬተር ላይ የሚስሉት ክብ ራሱ ግምት ነው። ከአራት ቁራጭ የተሠራ ሲሆን ከእውነተኛው ክብ የሚርቀው ቢበዛ ከራዲየሱ 0.03 በመቶ ገደማ ነው። ራዲየሱ 40 ሚሊ ሜትር በሆነ አርማ ላይ ይህ 0.01 ሚሊ አካባቢ ነው። ማንም አያየውም። የእርስዎ ጥለት ግን በደርዘን የሚቆጠሩ አልማዞች፣ በየአልማዙ ውስጥ ደግሞ ሌላ አልማዝና ሦስት ማዕዘን አለው። ዋርፕ ሲደረግ አራት ነጥብ የነበረው አልማዝ ብዙ ነጥብ ያበቅላል። ኤክስፓንድ አፒራንስ ሲሉት፣ ማለትም የጎበጠውን ወደ ቋሚ ቅርጽ ሲለውጡት፣ ይህ ሁሉ ነጥብ እውነተኛ ሆኖ ይቀራል። ቆራጩ የነገረዎት ይህንን ነው። የስቲከር መቁረጫ ቢላ በየነጥቡ አቅጣጫውን ያስተካክላል። ነጥቦቹ ተጠጋግተው ሲመጡ ፍጥነቱ ይሞታል፤ ጠርዙም ጥርስ ያወጣል።

ሰውዬው ትክክል ነው፣ ያመስግኑት።

ወደ መስፋቱና መጥበቡ እንምጣ። የሩጫ መም ያስቡ። በ400 ሜትር ውድድር የውጪው መም ሯጭ ወደ ፊት ቀድሞ የሚቆመው ኩርባው ላይ የውጪው መስመር ከውስጡ ስለሚረዝም ነው። ጥለትዎም እንደዚያው ነው። የጥለቱ መሃል መስመር 40 ሚሊ ራዲየስ ላይ ነው እንበል። ወርዱ 10 ሚሊ ይሁን። የውስጥ ጠርዙ 35 ላይ፣ የውጪው 45 ላይ ያርፋል። የመሃሉ ዙሪያ 251 ሚሊ ገደማ ነው። የውስጡ 220፣ የውጪው 283 ይሆናል። ቀጥ ብሎ ሳለ ግን ላይና ታቹ እኩል ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ የውጪውን 12.5 በመቶ ይለጥጣል፤ የውስጡን በዚያው ልክ ያጨማድዳል። ሌላ ምርጫ የለውም።

ይህን ከመጀመርዎ በፊት በጭንቅላት ማስላት ይችላሉ። የጥለቱን ወርድ ግማሽ ለመሃል መስመሩ ራዲየስ ያካፍሉ። 5 ለ40 ሲካፈል 12.5 በመቶ ነው። ያው 10 ሚሊ ጥለት 200 ሚሊ ራዲየስ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ቢዞር 2.5 በመቶ ብቻ ነው። በኔ ዓይን ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ችግር የለውም፤ ዋርፕም ያድርጉት ሌላ፣ አያስታውቅም። ከ10 በመቶ ሲያልፍ ግን ጥለት የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያየዋል። የእርስዎ ሥራ ከዚህ መስመር አልፏል።

አርክ መቶ ላይ ግማሽ ክብ የሚሆነውም ተበላሽቶ አይደለም። የተሠራው እስከዚያ ድረስ ነው። ሙሉ ክብ ከፈለጉ አርክ የእርስዎ መሣሪያ አልነበረም። ሁለቱ ግማሾች ያልገጠሙትም ጥለቱ በሙሉ አልማዝ ሳይሆን መሃሉ ላይ ተቆርጦ ካለቀ ወይም አንዱ ጫፍ ላይ የመስመር ውፍረት ተርፎ ከወጣ ነው። ዋርፕ የመረጡትን ነገር ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ለክቶ ነው የሚያጎብጠው። ግማሽ ሚሊ ትርፍ ካለ እሷንም ይቆጥራታል።

አሁን ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበኝን ልናገር። ጥለት የሚወለደው ከድርና ከማግ ነው። ክሩ ወይ ቁልቁል ወይ አግድም ነው የሚሄደው። አልማዙም፣ መስቀሉም፣ ደረጃ ደረጃ የሚወርደው ጠርዝም ከዚህ የመጣ ነው። ሰው አንድን ንድፍ አይቶ «ይሄ ጥለት ነው» የሚለው እነዚያን ቀጥ ያሉ ጠርዞች አይቶ ነው። ዋርፕ ጠርዞቹን ሁሉ በትንሹ ቀስት ያደርጋቸዋል። አልማዙ ሆዱ ያበጠ ቅጠል መምሰል ይጀምራል። የጎበጠውን ሥራዎን ሽሮ ሜዳ ወስደው ለሸማ ነጋዴ ቢያሳዩት፣ ነጥብና ራዲየስ ሳያውቅ «ይሄ ሽመና አይመስልም» ይልዎታል። ስለዚህ ለጥለት ጥሩው መፍትሔ አልማዙን ሳይነኩ ቦታውን ብቻ ማዞር ነው። እያንዳንዱ አልማዝ ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ክቡን የሚሠራው ሰልፉ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጥለትዎ አንድ የሚደጋገም አሃድ ብቻ ይውሰዱ፤ አንድ አልማዝ ከነውስጡ። ስንት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የመሃሉን ዙሪያ ለአልማዙ ስፋት ያካፍሉ። 251 ለ7 ሚሊ ሲካፈል 35.9 ነው። 36 ይበሉት። እያንዳንዱ 10 ዲግሪ ይይዛል ማለት ነው። 36 የመረጥኩት 360 ለ36 እኩል ስለሚካፈልና 36ም ለአራት ስለሚካፈል ነው። ላይ፣ ታች፣ ግራና ቀኝ ልክ አልማዝ ያርፋል፤ አርማው ሚዛኑን ይጠብቃል።

የአልማዙ ስፋት ልክ ስንት ይሁን? ጎን ለጎን ያሉት ጫፎች እንዲነካኩ ከፈለጉ ራዲየሱን በሁለት ያባዙ፣ ያንን በግማሽ ማዕዘኑ ታንጀንት ያባዙ። እዚህ 80 ሲባዛ በ5 ዲግሪ ታንጀንት ነው። መልሱ 7 ሚሊ ይመጣል። አልማዝ የሚሰፋው ወገቡ ላይ ብቻ ስለሆነ የሚነካካውም መሃል መስመሩ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ውስጥ ክቡ ሲጠብ አልማዙም አብሮ ይጠባል። ስለዚህ ውስጥ በኩል አይደራረብም። አራት ማዕዘን ቢሆን ኖሮ ውስጡ ይደራረብ፣ ውጪው ይከፈት ነበር። የአልማዝ ጥለት ለክብ አርማ የተመቸ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢሉስትሬተር ላይ ዲያሜትሩ 80 ሚሊ የሆነ ክብ ይሳሉ። የአልማዙን መሃል ከክቡ ጫፍ፣ ልክ 12 ሰዓት ላይ ያስቀምጡ። አልማዙን መርጠው የአር ቁልፍን ይጫኑ፤ የማዞሪያው መሣሪያ ይመጣል። አልት እንደያዙ የክቡን ማዕከል ጠቅ ያድርጉ። በሚከፈተው መስኮት የማዕዘኑ ቦታ ላይ 360/36 ብለው ይጻፉ፤ ስሌቱን ራሱ ይሠራዋል። ኮፒ የሚለውን ይጫኑ። ከዚያ ኮንትሮል ዲን 34 ጊዜ ሲጫኑ ክቡ ይሞላል። ከ2021 ዕትም ወዲህ ያለ ኢሉስትሬተር ካለዎት ኦብጀክት፣ ሪፒት፣ ሬዲያል የሚለው ይህንኑ ያደርጋል። ቁጥሩንም በኋላ መቀየር ይቻላል። ኢንክስኬፕ ላይ ደግሞ ከፓዝ (የመስመር) ኢፌክቶቹ ውስጥ ሮቴት ኮፒስ የሚለውን መርጠው 36 ይስጡት።

የጥለቱን ላይና ታች የሚዘጉትን ቀጥ ያሉ መስመሮች ከአሃዱ ውስጥ ያውጧቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አብረው ከዞሩ 36 ቦታ የተሰበረ መስመር ይሆናሉ። በእነሱ ፋንታ 35 እና 45 ራዲየስ ያላቸው ሁለት ንጹህ ክቦች ይሳሉ። ነጥባቸው አራት አራት ብቻ ነው፤ ቆራጩም ደስ ይለዋል። በአልማዞቹ መካከል ያሉትን ባዶ ሦስት ማዕዘኖች ደግሞ ይመልከቱ። የውጪዎቹ ከውስጦቹ ይሰፋሉ። ከአልማዝ ጫፍ እስከ አልማዝ ጫፍ ውጪ 7.9 ሚሊ፣ ውስጥ 6.1 ሚሊ ገደማ ነው። እዚያ ውስጥ ትንንሽ ማስዋቢያ የሚያስገቡ ከሆነ የውጪውንና የውስጡን ለየብቻ ይሳሉ። አንዱን ገልብጠው ለሁለቱም አይጠቀሙ። ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው።

አሃዱን በአንድ መስመር ላይ ራሱ የሚደረድረው ፓተርን ብሩሽስ ይሉኝ ይሆናል። ጥሩ መሣሪያ ነው። እኔ የማወጣው ግን መንገዱ፣ ማለትም ጥለቱ የሚከተለው መስመር፣ ክብ ሳይሆን ሲቀር ነው። ለምሳሌ የቀሚስ አንገት ዙሪያ የሚሄድ ጥለት ወይም በሠርግ ጥሪ ካርድ ጠርዝ የሚጠማዘዝ ሐረግ። አሃዱን ወደ ብሩሽ ፓኔሉ ጎትተው ያስገቡና ፓተርን ብሩሽ ይምረጡ። ስትሬች ቱ ፊት ካሉት አሃዶቹን ጥቂት ስቦ ዙሪያውን ሳይቆረጥ ይሞላል። አድ ስፔስ ቱ ፊት ካሉት በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል፤ ለጥለት አይሆንም። ልብ ይበሉ፣ ብሩሹም እያንዳንዱን አሃድ በመንገዱ ልክ ያጎብጠዋል። የማጉበጡ ሕግ አልተነሳም፣ ተበታትኖ ነው የመጣው። ብሩሹ ውስጥ ግራዲየንት (ከቀለም ወደ ቀለም የሚሸጋገር ሙሌት)፣ ማስክ (ከፊሉን የሚሸፍን ቅርጽ) እና ሌላ ብሩሽ ያለበት መስመር አይገባም። ጽሑፍም መጀመሪያ ወደ ቅርጽ ካልተለወጠ አይገባም።

ኢንክስኬፕ ላይ ተመሳሳዩ ፓተርን አሎንግ ፓዝ ይባላል። እዚያ አንድ ወጥመድ አለ። በዚህ ስም የሚጠራ ነገር ሁለት ቦታ ይገኛል። ከፓዝ ኢፌክቶቹ ውስጥ ያለው አንድ ፓዝ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ቀለሙንም ከመንገዱ ይወስዳል። ባለ አራት ቀለም ጥለትዎ ባለ አንድ ቀለም ሆኖ ይወጣል። ከኤክስቴንሽን ሜኑ፣ ጄኔሬት ፍሮም ፓዝ ውስጥ ያለው ግን ግሩፕ (አብረው የታሰሩ ብዙ ቅርጾች) ይቀበላል፤ ቀለሙንም ይጠብቃል። የሱ ጉድለት አንዴ ከሠራ በኋላ ሕያው አለመሆኑ ነው። መንገዱን ቢያስተካክሉ ጥለቱ አይከተልም። ከመጫንዎ በፊት ኮፒ ያስቀሩ፤ ጥለቱ ከመንገዱ በላይ መቀመጡንም ያረጋግጡ።

ኢንክስኬፕ ከተነሳ አይቀር፣ ኤክስቴንሽን ውስጥ ያለው ኢንቨሎፕ የሚለው መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰው ያሉትን ነጥቦች ብቻ ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ነጥብ ያለው ቀጥ ያለ መስመር ከሰጡት ቀጥ እንዳለ ይመለሳል። ሰዎች «ኢንክስኬፕ አያጎብጥም» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይተው ነው። ቀድሞ በአድ ኖድስ ነጥብ መጨመር ያስፈልጋል። ቤንድ የሚባለው ፓዝ ኢፌክት ግን ቀጥ ያለውንም መስመር ራሱ ያጎብጠዋል።

ፊደሉ ጋ እንሂድ። ለፊደል ዋርፕ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ታይፕ ኦን ኤ ፓዝ የሚባለውን ነው የሚፈልጉት። ኢንክስኬፕ ላይ ፑት ኦን ፓዝ ይሉታል። ይህ መሣሪያ ፊደሉን አያጎብጥም። እያንዳንዱን ፊደል እንዳለ ወስዶ መስመሩ ላይ ያቆመዋል፤ ዘንበል ያደርገዋል እንጂ ቅርጹን አይነካም። ለአልማዙ ያደረግነው ሥራ ነው፤ ለፊደል ፕሮግራሙ ራሱ ይሠራልዎታል።

አንዳንድ ሰው «ፊደሉ ቀጥ ብሎ ክብ ላይ ሲቆም እግሩ ከመስመሩ ይነሳል» ብሎ ይሰጋል። ይነሳል፣ ግን ምን ያህል? ስሙ 28 ሚሊ ራዲየስ ላይ ቢቆምና አንድ ፊደል 5 ሚሊ ቢሰፋ የዳር እግሩ ከክቡ የሚርቀው 0.1 ሚሊ ገደማ ነው። በዚያው ቦታ 6 ሚሊ ቁመት ያለው ፊደል ዋርፕ ቢደረግ ደግሞ ራሱ ወደ 10 በመቶ ይሰፋል፣ እግሩ ያንኑ ያህል ይጠባል። የቱ እንደሚሻል ግልጽ ነው። እንደ ጠ እና ሐ ያሉት ባለ ሦስት እግር ፊደሎች መጀመሪያ የሚጎዱ ናቸው። እግሮቻቸው ይጠጋጉና በትንሽ ማህተም ላይ ቀለሙ መካከላቸውን ይሞላዋል።

ከዚህ የከፋም አለ። የኛ ፊደል ድምፁን የሚለየው በእግር ርዝመትና በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። በ ሁለት እግሩ እኩል ነው፤ ባ የግራ እግሩ አጭር ነው። ለ እና ላም እንዲሁ። አርክ ሎወር የሚባለው የዋርፕ ዓይነት የቃሉን ላይ ቀጥ አድርጎ ታቹን ብቻ ያጎብጣል። ያኔ ከቃሉ አንድ ዳር ላይ ያለ በ የቀኝ እግሩ ከግራው ይረዝማል። አንባቢው ባ ብሎ ያነበዋል። ይህ የፊደል ስህተት ነው፤ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የላቲን ፊደል የሚሠሩ ሰዎች የቀረጿቸው የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ይህን አይነግሩዎትም፤ እነሱ ጋ ችግሩ የለም።

በአርማው ታች የሚገባ ጽሑፍ ካለ፣ ለምሳሌ የተመሠረተበት ዓመት ምሕረት ወይም የሰፈሩ ስም፣ በላይኛው ክብ ላይ አያስቀጥሉት፤ ተገልብጦ ይነበባል። ሁለተኛ ክብ ይሳሉ። የላይኛው ጽሑፍ መነሻው 28 ራዲየስ፣ የፊደሉ ቁመት 6 ከሆነ ጽሑፉ ከ28 እስከ 34 ያለውን ቦታ ይይዛል። የታችኛው ጽሑፍ ራሱ ወደ ማዕከሉ ስለሚያይ መነሻው 34 ራዲየስ ያለው ክብ መሆን አለበት። ያኔ ሁለቱም አንድ ቀለበት ውስጥ ያርፋሉ። ኢሉስትሬተር ላይ ጽሑፉን ወደ ውስጥ ለመገልበጥ መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ መስመር ወደ ክቡ ውስጥ ይጎትቷት። የታችኛው ጽሑፍ ፊደሎች ራስ ለራስ ይጠጋጋሉ፤ የላይኛው ግን ራሱ ይከፈታል። ሁለቱ እኩል እንዲታዩ ለታችኛው በፊደላት መካከል ያለውን ርቀት ይጨምሩ። እኔ ትራኪንጉን ከ40 እስከ 60 ሰጥቼ ነው የምጀምረው፤ ከዚያ በዓይን አስተካክላለሁ። እንደ መ እና ወ ያሉት ራሰ ሰፊዎች አጠገብ ለአጠገብ ሲመጡ በእጅ መለየት ይፈልጋሉ።

ታዲያ ዋርፕ ለምን ተሠራ? ለአንድ ሙሉ ቅርጽ ነው። አርማው ሥር የሚዘረጋ ሪባን፣ የሚውለበለብ ባንዲራ፣ ቅጠል፣ የጀበና ምስል ጎን ላይ የሚያርፍ ማስዋቢያ። እነዚህ ሲለጠጡ ያምርባቸዋል። ሪባን ሲሠሩ አርክን ከ20 እስከ 30 በመቶ ባለው ውስጥ ያቆዩት። የሪባኑን ጽሑፍ አብረው ዋርፕ አያድርጉ፤ ከሪባኑ ኩርባ ጋር የሚሄድ መስመር ስለው ጽሑፉን እዚያ ላይ ያቁሙ። ሪባኑ የመስመር ውፍረት ካለው ከማጉበጥዎ በፊት አውትላይን ስትሮክ ያድርጉት፤ ውፍረቱ ወደ ቅርጽ ይለወጣል። አለበለዚያ ቅርጹ ይጎብጣል፣ የመስመሩ ውፍረት ግን ወጥ ሆኖ ይቀርና ልጥፍ ያስመስለዋል።

ኢሉስትሬተር ላይ ኢንቨሎፕ ዲስቶርት የሚለውን ሌላ የማጉበጫ መንገድ ከመረጡ ደግሞ ኦፕሽኖቹ ውስጥ ፊደሊቲ የሚባል ቁጥር አለ። ሲጀምር 50 ላይ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ግምቱ ይቀርባል፤ ነጥቡም ይበዛል። ለኅትመት ከፍ ያድርጉ፣ ለቢላ ዝቅ አድርገው ይሞክሩ። ግራዲየንት አብሮ እንዲጎብጥ ካልፈቀዱለት ባለበት ይቀራል፤ ለሱ የተለየ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ። ሊንክ የተደረገ ፎቶም ኢንቨሎፕ አይገባም። መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ መካተት አለበት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ኤክስፓንድ ከማለትዎ በፊት ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ ያድርጉ። ዋርፕና ኢንቨሎፕ ሕያው ሆነው ሳሉ ሐሳብዎን ሲቀይሩ ቁጥሩን ብቻ ይቀይራሉ። ኤክስፓንድ ካሉ በኋላ መመለሻ የለም። ዕድሩ ነገ «ስሙ ላይ አንድ ቃል ይጨመር» ቢል ከዜሮ ይጀምራሉ። ጽሑፉንም እንደዚያው። ለማተሚያ ቤቱ የሚልኩት ክሪኤት አውትላይንስ የተደረገ፣ ማለትም ፊደሉ ወደ ቅርጽ የተለወጠ ይሁን፤ የራስዎ ቅጂ ግን የሚጻፍ ጽሑፍ ሆኖ ይቆይ። በተለይ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የሚሠሩ ከሆነ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስሙ የላቲን ፊደል ቅልቅል ሆኖ ነው የሚከፈተው።

አሁን ያለውን ፋይል ሲምፕሊፋይ ብለው ለማዳን አይድከሙ። ነጥብ ይቀንሳል፤ ግን የአልማዞቹን ሹል ጫፎች አብሮ ሊያደነዝዛቸው ይችላል። የተጨማደደውንም ጎን አያቃናም። ይጣሉት። ቀጥ ያለው የመጀመሪያ ጥለትዎ ካለ አንዱን አልማዝ ከዚያ ይውሰዱና በማዞር ይሥሩት። ስሙን በሁለት ክብ ላይ ያቁሙ። ሪባን ካለ እሱን ብቻ ዋርፕ ያድርጉ። ይህን ነው የምመክረው፤ ለዚህ መጠን ሁለተኛ ምርጫ አልሰጥዎትም።

ለስቲከር ሲሰጡ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸውንና የሚነካኩትን ቅርጾች በፓትፋይንደር ዩናይት ያድርጓቸው፤ አንድ ቅርጽ ሆነው ይዋሃዳሉ። ጎረቤት አልማዞች የሚገናኙት በአንዲት ነጥብ ብቻ ስለሆነ ቪኒሉ (የስቲከሩ ፕላስቲክ) እዚያ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ ለቢላ በሚያዘጋጁት ቅጂ ላይ አልማዙን 7.3 ሚሊ አድርገው በጥቂቱ ይደርቡትና ከዚያ ዩናይት ያድርጉ፤ ለኅትመቱ ቅጂ 7 ሚሊው ይቆይ። ቆራጩ ጋ ሲሄዱም መጀመሪያ ከአርማው ሩብ ያህሉን በእውነተኛው መጠን እንዲቆርጥልዎት ይጠይቁት። ማስዋቢያዎቹ ከ1 ሚሊ ያነሱ ከሆኑ ሲነቀሉ አብረው ይነሳሉ፤ ያኔ ሙሉውን ከመቁረጡ በፊት አውጥተው መተው ይችላሉ።